ለሽንት ቤታችን ሰዓት ደልዳይ፣ ስለ ጠፋው ድንጋዬ

ለተከበሩ ጋሽ ሙሀባው፤
በሪያድ ከተማ፣ ዑድ ሰፈር፣ የአስራ አንድ ሠራተኞች ቤት አለቃ፣ የአንዲቷ ሽንት ቤታችን ሰዓት ደልዳይ፣ እንዲሁም ማንም ሳይሾምዎ የሁላችን ሐኪም።

ግልባጭ፦ ለፍሪጁ በር

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የእኔ የዓባይነህ ጤና፣ እርስዎ ማከም እስከጀመሩበት ቀን ድረስ የሚቻል ነበር። ይህን ደብዳቤ ፍሪጁ ላይ መለጠፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ፤ ፊት ለፊት እንዳልነግርዎ የእኔ ተራ ሲደርስ የእርስዎ ጆሮ ሁልጊዜ ጸሎት ላይ ስለሚሆን ነው። ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ከአምስት ሳምንት በፊት ቀኝ ጎኔን ወግቶ እስከ ብሽሽቴ የወረደ ሕመም ወለል ላይ ሲያንከባልለኝ፣ እርስዎ ከምንጣፍዎ ሳይነሱ «የሙከየፍ ብርድ ነው፣ ኸላስ» ብለው ስለፈረዱልኝ አመሰግናለሁ። በፍርድዎ መሠረት ማቀዝቀዣው ለሦስት ቀን ጠፍቶ አስራ አንዳችንም በላብ ታጠብን፤ እኔም ፌጦ በሎሚ ጠጣሁ። ሽንቴ ቀላ ብዬ ስነግርዎ ደግሞ ምርመራዎን አሻሽለው፣ ድንጋይ ከሆነ በዝላይ ይወርዳል በማለት ከደረጃው አራተኛ እርከን ላይ ሠላሳ ጊዜ አዘለሉኝ። ድንጋዩ ባይወርድም የታችኛው ቤት የጣሪያ ቀለም ወርዷል።

2ኛ. ከዝላዩ በኋላ መቆም ሲያቅተኝ የቤታችን ልጅ ቶፊቅ ደግፎ ክሊኒክ ወሰደኝ። እዚያ ያሉት ሱዳናዊ ዶክተር እንደ እርስዎ ሩቅ ሆኖ የማወቅ ጸጋ ስላልተሰጣቸው ሽንቴን አስመረመሩ፣ ሆዴን በአልትራሳውንድ አዩ፣ አልበቃ ብሏቸው በሲቲ ስካን አስነሡኝ፤ አምስት ሚሊ ሜትር የሆነ ድንጋይ ከኩላሊቴ ወርዶ ቱቦው ውስጥ መቀርቀሩን ደረሱበት። ማስታገሻና ቱቦውን የሚያላላ ክኒን ሰጥተው፣ በቀን ሦስት ሊትር ውሃ እንድጠጣ አዘዙ። በአንድ ወር ካልወጣ ቀጭን መሣሪያ አስገብተው በጨረር ይሰብሩታል። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ፤ ተኝቼ ከሥራ ብቀር አሠሪው ከፊሌ በቦታዬ ሌላ ሰው ለማስገባት አንድ ቀን አይፈጅበትም።

ሦስት ሊትር የጠጣ ሰው ደግሞ መሽናት አለበት። የእርስዎ መርሐ ግብር የሚፈቅደው ጠዋት አምስት ደቂቃ፣ ማታ አምስት ደቂቃ ነው። ተጨማሪ ተራ እንዲሰጠኝ የሐኪም ወረቀት አያይዤ ባመለክት፣ ወረቀቱ ላይ «ታይቷል፤ ተራውን ይጠብቅ» ብለው ስለፈረሙበት ከልብ አመሰግናለሁ። ከቀጣሪው ሸሪካ እስከ ፓስፖርት መሥሪያ ቤቱ ጀዋዛት ብዙ ቢሮ ደጅ ጠንቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ፈጣን ምላሽ ግን አላገኘሁም።

3ኛ. ዶክተሩ ድንጋዩ ሲወጣ ይዤላቸው እንድሄድ ነግረውኝ ነበር። ከምን እንደተሠራ ካወቁ፣ ሁለተኛ እንዳይመለስብኝ ምን መብላትና ምን መተው እንዳለብኝ ይነግሩኛል። ስለዚህ ሱወይዲ ገበያ ወርጄ አዲስ የሻይ ማጥለያ ገዛሁ፤ በእሱ ላይ እየሸናሁ ስሜ በተጻፈበት ከረጢት ሽንት ቤቱ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ሐሙስ ዕለት ሕመሙ ድንገት ለቀቀኝ፤ ማጥለያው ላይ የስንዴ ፍሬ የማታህል ነገር ቁጭ ብላለች። ማጥለያውን ከነድንጋዩ ከረጢቱ ውስጥ መልሼ፣ የሥራ መኪናው ጥሩምባ ሲጮህብኝ እየሮጥኩ ወጣሁ።

እርስዎ ግን «የጋራ ዕቃ በግል አይያዝም» የሚለውን ሕግዎን አክብረው ማጥለያውን የማድ ቤቱ ነው ብለው ወደዚያ ወሰዱት። ታጥቦ ይሁን ሳይታጠብ እስከ ዛሬ ተመርምሮ አልተደረሰበትም። የማውቀው አርብ ለእንግዶች ሻይ መፍላቱንና ከእንግዶቹ አንዱ ጀላል ሁለተኛ ብርጭቆ መጠየቁን ነው። ዶክተሩ ዘንድ ባዶ እጄን ሄጄ ይህንን ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

4ኛ. ይህ የመጨረሻው ስለ እርስዎ ነው። በመርሐ ግብሩ ላይ ስምዎ ፊት ለፊት ደቂቃ አልተጻፈም። በሩ ቀጭን ነው ጋሼ፤ ቧንቧውን ከፍተው ቢያፈሱትም ይሰማል። ሽንትዎ ይጀምራል ይቆማል፣ ይጀምራል ይቆማል፤ ከወጡም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይመለሳሉ። አርብ ምሳ ላይ ውሃ መጠጣት ትተዋል። የቤቱ ሙስሊሞች ዑምራ ሲሄዱ፣ ይህን ጉዞ ስንት ዓመት ሲመኙ የኖሩት እርስዎ፣ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ቶሎ ቶሎ ስለማይቆም ብቻ ጉልበቴን አመመኝ ብለው ቀሩ። ያን ቀን በረንዳ ላይ ሆነው ሲሸኟቸው አይቻለሁ።

ስምዎን ሳልጠራ ዶክተሩን ጠየቅኋቸው። ከፊኛ ሥር ያለችው ፕሮስቴት የምትባል እጢ በዕድሜ እያደገች የሽንት ቱቦውን ትጫናለች፤ በደም፣ በሽንትና በአልትራሳውንድ ትመረመራለች፤ ብዙ ሰው በክኒን ብቻ ይሻለዋል አሉኝ። ሽንት ጨርሶ እስኪዘጋ መጠበቅ ግን ኩላሊት ያስከፍላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ደግሞ እርስዎ ራስዎ ለእኛ ሲተርቱ ነው የሰማሁት። ስለዚህ ሳላስፈቅድዎ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ አስይዤልዎታለሁ።

ባለ አምስት ደቂቃው፣ ድንጋይ አልባው፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ የሚያከብርዎት፣
ዓባይነህ፣ የሴራሚክ ሠራተኛ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ከምርመራዎቹ አንዱ በሐኪሙ ጣት መሆኑን ሰምተው ሐሳብዎን እንዳይቀይሩ፣ ይህ ደብዳቤ ትናንት በስልክ ለባለቤትዎ ለእትዬ ሸምሲያ እንደተነበበላቸው ላሳውቅዎ። ዝላዩ ላይ ስቀው ስቀው ስልኩ ወደቀባቸው፤ አራተኛውን ግን ደግመው አስነበቡ። ከዚያም፣ ሰኞ ማታ እደውላለሁ፣ እሱ ካልሄደ ለአስራ አንዳችሁም ነው የማለቅሰው ብለዋል። እኛ ደግሞ የእትዬ ሸምሲያን ለቅሶ በተራ የምናስተናግድበት መርሐ ግብር የለንም።