እህቴ ያልተሳፈረችበት አውቶቡስ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ቀኑን ሙሉ የእርሻ ማሽን መመሪያ ሳርም ዋልኩ። “ብሎኑን አጥብቁ” ለማለት “ብሎኑን አጥብቡ” ይላል... ሦስት ቦታ። ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ መሆን እንዲህ ነው፤ የሰው ስህተት ሲያሳድዱ መዋል።

ከሰዓት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ደወለ። ቅዳሜ ለጀማሪ ጸሐፊዎች እንድናገር ፈልጎ። “ታሪኮችዎን ከየት እንደሚያገኙ ይንገሯቸው። ምክርም ጣል ጣል ያድርጉላቸው።” እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ? ሁለተኛው መጽሐፌ ከወጣ ወዲህ አንድ ገጽ አልጻፍኩም። ምን ብዬ ነው የምመክረው?

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ምክር ልጽፍ ተቀመጥኩ። “በየቀኑ ጻፉ።” ሰረዝኩት... ውሸታም! “ብዙ አንብቡ።” ይሄ ይሁን። “የሰው ወሬ አዳምጡ፤ ሰልፍ ላይ፣ ሐኪም ቤት ተራ ስትጠብቁ።” ይሄም እውነት ነው። የመጀመሪያው መጽሐፌ ግማሹ ከሰልፍ ላይ የተለቀመ ነው። ሁለተኛውስ?

ተነሳሁ። ሰሃን አጠብኩ። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ።

አርብ፣ የካቲት 7

ታላቅ እህቴ ዛሬም አልደወለችም። ስምንት ወር ሞላት። እኔስ ብደውል ጣቴ ይቆረጣል?

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ሃያ ሰው ይሆናል የመጣው። ኃላፊው ሲያስተዋውቀኝ፣ “ባሏን ጥላ፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ አውቶቡስ የተሳፈረችውን ያቺን ጀግና ሴት የፈጠሩልን...” አለ። ተጨበጨበ። አንዱ ከፊት፣ “ከየት አመጧት?” አለኝ።

“ከምናቤ” አልኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ከኋላ አንዲት መነጽራም ወጣት እጇን አወጣች። “እናቴ ለማንም ያልነገረችውን ለእኔ ነግራኛለች። እሱን ካልጻፍኩ ሌላ ነገር አልወጣ አለኝ። ልጻፈው?”

“ጸሐፊ ማንንም አይፈራም። ጻፊው!”

ደግሞ ጭብጨባ። ልጅቷ ያልኩትን ደብተሯ ላይ ስታሰፍረው አየሁ። የሚቀጥለውን ጥያቄ አልሰማሁትም።

እሁድ፣ የካቲት 9

ከምናቤ! እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ያቺ ሴት እህቴ ናት፤ እትዬ። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ባሏ ሥራ እንደወጣ ሻንጣዋን ሞልታ መናኸሪያ ሄደች። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ዋለች። ከዚያ ባሏ ሳይመለስ ቤቷ ገብታ ልብሷን ቁም ሳጥኑ ውስጥ መልሳ ሰቀለች። “አደራ፣ ካንቺ እንዳያልፍ” ብላ ለእኔ ብቻ ነገረችኝ።

እኔ ሁለተኛ መጽሐፌ አደረግኩት። እጀታው በሽቦ የታሰረው ቡኒ ሻንጣ እንኳ አልቀረኝም። ሴትየዋን ግን አውቶቡሱ ላይ አሳፈርኳት፤ መመለሷ ለታሪክ አይመችም ብዬ። የእትዬ ባል አነበበው። ሻንጣውን አወቀው።

“‘የሄድሽው የትኛው ቀን ነው?’ እያለ ይጠይቀኛል” አለችኝ በስልክ። ዘጋችው። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ድምጿን አልሰማሁም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ሥራዬ ላይ ልቤ አልረጋ አለ። ያቺ ልጅ ብትጽፈውስ? ከኃላፊው ስልኳን ተቀበልኩ።

“ተሰጥኦ አይተውባት ነው?” አለኝ።

“አይ፣ የማይሆን ነገር መክሬያት ነው።”

ስደውል ድምጿ በደስታ ይፈነድቃል። “ጀመርኩት! አራት ገጽ ደርሻለሁ።”

“እናትሽ ታውቃለች?”

“ማንንም አትፍሪ ብለውኝ የለ?”

“ብዬሻለሁ። ለጭብጨባ ነው ያልኩት።”

“ታዲያ ምን ላድርግ?”

“እስከ ቅዳሜ ታገሺኝ” አልኳት። ቅዳሜ ምን ልላት ነው?

ሐሙስ፣ የካቲት 13

እትዬ ቤት በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ሁለቴ።

አርብ፣ የካቲት 14

ገባሁ። ራሷ ከፈተችልኝ። “ደግሞ ምን ልትለቅሚ መጣሽ?” ባሏ ከሶፋው ላይ “ዋልሽ?” ብሎኝ ጋዜጣውን ይዞ ወጣ። ወጥ ቤት ገባን። ሽንኩርት መክተፏን ቀጠለች።

“ይቅርታ፣ እትዬ።”

“አሳፈርሽኝ።”

“አውቃለሁ። ባልሽ ፊት...”

“እሱን መቼ አልኩሽ! እሱ አኩርፎ አኩርፎ ሲሰለቸው ተወው። አውቶቡሱ ላይ አሳፈርሽኝ ነው የምልሽ። ሰዉ ሁሉ ‘እንዴት ያለች ጀግና’ ይላታል። እኔ ግን የተመለስኩት ነኝ። የኔ መመለስ አሳፍሮሽ ነው?”

አሳፍሮኝ ነበር እንዴ? ...ነበር።

“ለምን እንደተመለስኩ አንድ ቀን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?”

አላውቅም። በአስራ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳ። ሻንጣውን ጠይቄያለሁ፣ የአግዳሚውን ቀለም ጠይቄያለሁ...

“ለምን ተመለስሽ?”

ቢላዋውን አስቀምጣ ነገረችኝ። መሀል ላይ ሳቀች። የነገረችኝ ከሁለቱም መጽሐፎቼ ይበልጣል። እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ብዕር ሲዳብስ ያዝኩት። እሷም አየችው።

“አልጽፈውም” አልኳት።

“እስቲ እናያለን።”

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

መነጽራሟን ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ አገኘኋት። “ያ ነገር ለምን እንደሆነ እናትሽን ጠይቂያት። ከዚያ የጻፍሽውን አንብቢላት።”

“እንቢ ብትለኝስ?”

“ትተዪዋለሽ።”

“ሌላ የምጽፈው የለኝም እኮ!”

“እኔም የለኝም” አልኳት። አላሳቃትም። ሳትሰናበተኝ ደረጃውን ወረደች። ትጠይቃት ይሆን? እንጃ። ዛሬ ያጨበጨበልኝ የለም፤ ግን አልዋሸሁም።

እሁድ፣ የካቲት 16

ጠዋት አንድ ገጽ ጻፍኩ። የራሴን ጉድ ነው። አስቀያሚ ገጽ... ግን ገጽ ነው።

ረፋዱ ላይ እትዬ ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

“ጻፍሽው?”

“አልጻፍኩም።”

“ያ ማታ ማታ የምትሞነጫጭሪው ደብተርሽ ላይስ?”

“እዚያም።”

“በይ፣ በሚቀጥለው እሁድ ለምሳ ነይ። ባሌ አንቺን ሲያይ ያኮርፋል፤ እንዳትሰሚው።”

ስልኩን ስዘጋ ራሴንም ጠርጥሬ የአርብን ገልጬ አየሁ። “ነገረችኝ” ይላል። ምን እንደነገረችኝ ግን የለም። እንዲሁ ተውኩት።