ለጉልበቴ የላክሽልኝ ከረሜላ

ልጄ፣ የዓይኔ ብርሃን፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጣሪያውም ማፍሰሱን ትቷል።

ያንን ከረሜላ በልቼ ልቤ ደረቴን ጥሶ ሊወጣ ደርሶ፣ የገዛ ቤቴ ጠፍቶኝ ነበር። እህትሽ አልጮኸችም። ሐኪም ቤት አድርሳኝ፣ የተረፈውን ይዛ የምትሠራበት የመድኃኒት ቁጥጥር ላቦራቶሪ ገባች። ለካ ካናቢስ ከሚሉት አደንዛዥ ዕፅ አውጥተው በኬሚካል የለወጡት ነገር ኖሯል! ሕጉ አንዱን ሲከለክል፣ ትንሽ ለወጥ አድርገው ሌላ ያወጣሉ። እሷ ግን "ዘር ማንዘሩ ይታገድ" ብላ አለቆቿን ስትሞግት ከረመች፤ ይኸው ባለፈው ሳምንት በሕግ ታገደ። የኔ አንበሳ!

ማን እንደላከው አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ፓኬቱ ላይ ግን "ለእማዬ ጉልበት" ብለሽ ጽፈሽበታል፤ የእጅ ጽሑፍሽን ደግሞ ታውቃለች።

ክፉ አይንካሽ። አንቺ ጋ የቀረ ካለ ጣይው። ከኔ በፊት ለእሷ ደውዪላት።

እናትሽ