የፋሲካ ዶሮዬና «ያልታወቀው አዳኝ»

ለተከበሩ ዶክተር ሙንዲር፣
የደሴት አእዋፍ ጥናት ማዕከል ዋና ኃላፊ፣
አል ዓይን

እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በደሴቱ ላይ እንቁላል የታቀፉት ወፎችዎም ሁሉ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ፣ በአል ኸቢሲ የእንግዳ ማረፊያዎ ምግብ አብሳይ፣ ከዶሮዬ ጉዳይ በቀር ደህና ነኝ። ሳይንስ ማስረጃ ይወዳልና አቤቱታዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የቤተ ሙከራው ማቀዝቀዣ ሞልቶ ከደሴቱ የመጡ የሞቱ ወፎችና እንሽላሊቶች ወደ ወጥ ቤቴ ማቀዝቀዣ ሲገቡ፣ የጾም ምስሬን ወደ ጥግ ገፋ አድርጌ ቦታ ለቀቅኩላቸው። ስለ ሰጡኝ ጎረቤቶች አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ሰሙነ ሕማማት ሳይገባ ሹፌሩ ማቴዎስ በስመ ሥላሴ ያረደልኝን ዶሮ ገፍፌ፣ ብልቷን አውጥቼ፣ በሎሚና በጨው አጥቤ ለፋሲካ እዚያው ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጥኳት። ተመራማሪዎችዎ ከወፎቻቸው ጋር አንስተው ወሰዷት። በሰሌዳው በተለጠፈው ሪፖርት መሠረት ሟቿ የባሕር ወፍ ስትሆን፣ ቆዳ ገፎ በየመገጣጠሚያው የሚበልት «እስካሁን ያልታወቀ አዳኝ» ወደ ደሴቱ ገብቷል። የሎሚው ሽታም ወፏ ራሷን ለመከላከል የረጨችው ሳይሆን አይቀርም ተብሏል። ቀድሞ የሠራሁላቸው ማዳሞች ብዙ ስም አውጥተውልኛል፤ አውሬ ተብዬ በጥናት ስመዘገብ ግን የመጀመሪያዬ ነውና ስለ ክብሩ እጅ እነሳለሁ።

ሦስተኛ፣ «ሟቿ» የእኔ ዶሮ መሆኗን ስናገር ከሱፐርማርኬት የበረደ ዶሮ ተላከልኝ። ደግነትዎን እግዜር ይቁጠረው፤ ነገር ግን በእምነቴ ሰው እጅ ያልታረደ ሥጋ አልበላም። የእኔዋ እንዳትመለስ አልኮል ውስጥ ተዘፍዝፋ፣ ቁጥር ተለጥፎባት መደርደሪያ ላይ ቆማለች። ሌላ እንዳያርድልኝ ደግሞ፣ ሪፖርቱ ስላልተሰረዘ፣ ማቴዎስ አዳኙን፣ ማለትም እኔን፣ ለመያዝ ካሜራ የሚተክሉትን ባለሙያዎች ከሚና ዛይድ ወደብ ያመላልሳል።

አቡ ዳቢ ሕፃናት የምታሳድገው ጓደኛዬ ሰላማዊት በዓመት አንድ ቀን ብቻ ፈቃድ አግኝታ እኔ ዘንድ ልትፈስክ ትመጣለች። ምን እንደማቀርብላት ሳስብ አልቅሻለሁ፤ ይህችን ያለ ሽሙጥ ነው የጻፍኳት።

ስለዚህ ዶሮውን ራሴ እገዛለሁ፤ እርስዎ ማቴዎስን ለቅዳሜ ጠዋት ብቻ እንዲለቁልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እግዜር የወፎችዎን ዕድሜ እንዲያረዝምልዎ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣
የሺሐረግ፣
እስካሁን ያልታወቅሁት አዳኝ

ይድረስ ለካሜራ ተካዮቹም፦ በእኛ አገር ዶሮ ዐሥራ ሁለት ብልት ናት። ሪፖርታችሁ የቆጠረው ዐሥራ አንድ ነው፤ የጎደለውም ፈረሰኛው ነው። ካሜራውን ከደሴቱ ነቅላችሁ ከቤተ ሙከራው ማይክሮዌቭ ፊት ብትተክሉት አዳኙ ቶሎ የሚታወቅ ይመስለኛል።