አንተ የጨረስክልኝ መጽሐፍ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፤

ሰላምታዬ ከደጅህ ጀምሮ እስከ ጓዳህ ይድረስልኝ። እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህ ደረጃ ስትወጣ አሁንም ይጮሃል? ባለቤትህስ ደሟ ከፍ ዝቅ ማለቱን ተወላት? የትንሿ ልጅህ የፊት ጥርሶች በቀሉላት? እኔ ሥራዬ ላይ ነኝ፤ ጤናም አልጎደለኝም፤ ያ የተሰበረው እጄ ብቻ ብርድ ሲመጣ ያስታውሰኛል። የእናታችንን ጤና ከሰው ሁሉ አስቀድሜ መጠየቅ ሲገባኝ እዚህ ላይ መዝለሌን አስተውለህ ይሆናል። ረስቼ አይደለም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህም ለዚሁ ነው፤ ግን ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኩህ አይገባህም።

በስልክ ለምን አልጠየቀችኝም እንዳትል። በስልክ አንተን ማን ይችልሃል! ድምፅህን ወፈር ታደርግና አይዞሽ፣ ሁሉም ሰላም ነው ስትለኝ ያዘጋጀሁትን ጥያቄ ውጬ ስልኩን እዘጋለሁ።

እንደምታውቀው አሁን የምሠራው ሲኒማ ቤት ውስጥ ነው። አንዱ ፊልም አልቆ ሌላው እስኪጀምር ሃያ ደቂቃ አለን። በዚያች ሃያ ደቂቃ ከየወንበሩ ሥር ፈንዲሻ እንጠርጋለን፣ የፈሰሰ ለስላሳ እንወለውላለን፣ የተረሳ ጃንጥላና መነጽር እንሰበስባለን። አለቃችን ትኬት የምትቆርጠው ሴትዮ ናት። ፈንዲሻ አንዴ በጫማ ከተረገጠ ከምንጣፍ አይለቅም፣ ቶሎ ቶሎ በሉ እያለች ታዋክበናለች፤ እውነቷን ነው።

ባለፈው ወር በሩ ላይ የተለጠፈውን ትልቅ ሥዕል ሳይ መጥረጊያዬ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። "የአመድ ድልድይ"! ያ ትራስህ ሥር ትደብቀው የነበረው መጽሐፋችን ፊልም ሆኖ መጣ። ታስታውሳለህ፣ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እናታችን ሆስፒታል ከተኛች ሦስተኛ ወሯን ይዛለች፤ አባታችን ከሥራ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ሥራ ይመላለሳል። አንተ ራት ታበላኝና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠህ ታነብልኛለህ። ልጅቷ የጠፋችባትን እናቷን ፍለጋ፣ ሰው ስሙን ወደሚረሳበት አገር በአመድ ድልድይ ትሻገራለች። በስተመጨረሻ እናቷን እጇን ይዛ ትመለሳለች፤ እናትየዋም አንድ ቃል ሳትናገር የልጇን የተፈታ ሻሽ መልሳ ታስርላታለች። ይህን ባነበብክልኝ ሳምንት እናታችን ድና ወጣች። እኔማ ያዳናት መጽሐፉ ነበር የመሰለኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን መጨረሻ ይዤ ኖሬአለሁ።

የመጽሐፉን ወዳጆች ነገር ብነግርህ አታምነኝም። ፊልሙ መታየት ሳይጀምር፣ ትኬት ቀድመው ለመያዝ ገና በር ሳይከፈት ተሰልፈው እናገኛቸዋለን። ፊታቸው ላይ ዱቄት ነስንሰው አመድ ያስመሰሉ አሉ፤ ዱቄቱን የምጠርገው እንግዲህ እኔ ነኝ። አንዱ የልጅቷ ፀጉር አጭር መሆን ነበረበት ብሎ ይቆጣል። ሌላዋ ዓይነ ስውሩ ውሻ ከፊልሙ ወጥቷል የሚል ወሬ ሰምታ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች። በመሃላቸው ሁሉም የሚፈሩት አንድ ሰውዬ አለ፤ ፕሮፌሰሩ ይሉታል፤ ሥራው ግን መነጽር መጠገን ነው። መጽሐፉን አሥራ አንድ ጊዜ አንብቦት በየገጹ ባለቀለም ወረቀት ሰክቶበታል። ፊልሙ አንዲት ዓረፍተ ነገር ቢያጎድል አዳራሹን ጥሎ እንደሚወጣ ለሁሉም ተናግሯል።

ሥራ አስኪያጁ "ከፊልሙ የምጠብቀው" የሚል ሰሌዳ አቆመና ሁሉም የሚጠብቀውን በካርድ ጽፎ እንዲለጥፍ አደረገ። እኔም ጓንቴን አውልቄ ጻፍኩ። የምጠብቀው መጨረሻውን ነው፣ እናትየዋ ከልጇ ጋር ስትመለስ ምንም እንዳታናግሯት፣ ዝም ብላ ሻሹን ትሰርላት፣ ልክ መጽሐፉ ላይ እንዳለው፣ ብዬ ለጠፍኩት። ደስ ብሎኝ ነበር ወንድም ጋሼ። ወደዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ሰዎች የሚያወሩትን ነገር እኔም አውቀዋለሁ ስል ያኔ የመጀመሪያዬ ነው።

የመክፈቻው ዕለት ፕሮፌሰሩ ካርዶቹን እየነቀለ ለተሰለፈው ሰው ያነብ ጀመር። የእኔን ሲያነብ ሰልፉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ማን ነው የጻፈው ሲል መጥረጊያዬን እንደያዝኩ እኔ ነኝ አልኩ። እናትየዋ እኮ አትመለስም እህቴ፣ ሌላ መጽሐፍ ይሆናል ያነበብሽው አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አይደል? ወንድሜ ቃል በቃል አንብቦልኛል፣ ያልገባህ አንተ ነህ ብዬ ድርቅ አልኩ። አሥራ አንድ ጊዜ ያነበበውን ሰው! እሱ ግን አልተቆጣም። ሳቁን ትቶ የመጨረሻውን ምዕራፍ ገለጠና መጽሐፉን በእጄ ሰጠኝ።

ቆሜ አነበብኩት። ድልድዩ ሲመለሱ የሚሸከመው አንድ ሰው ብቻ ነው። እናትየዋ ይህን ታውቃለች፤ ልጇን ወደ ድልድዩ ገፍታ ጀርባዋን ትሰጣታለች። ልጅቷ ብቻዋን ትመለስና የእናቷን አልጋ አንጥፋ ትቀመጣለች፤ መጽሐፉም በዚሁ ያልቃል። ሻሽ የሚባል ነገር የለበትም። የኛ መጽሐፍ በስተኋላው ተገንጥሎ ክሩ ተንጠልጥሎ እንደነበር ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ባለሱቁ ስኳር ሲጠቀልልበት አባታችን የተረፈውን ለምኖ ነበር ያመጣልህ። ስንት ሌሊት ነው ያልተጻፈ ነገር እያየህ ያነበብክልኝ?

አለቃዬ ፊቴን አይታ ከኋላ ወንበር እንድቀመጥ ፈቀደችልኝ፤ ፊልሙን አየሁት። ልጅቷ ብቻዋን ስትመለስ አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ። መብራት ሲበራ ደግሞ ጭቅጭቁ ተጀመረ፤ ውሻው የለም፣ ሦስት ምዕራፍ ተቆርጧል፣ ያ ዘፈን ከየት መጣ። ፕሮፌሰሩ እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ነበር፤ ዓይኑ ቀልቷል። እነሱ ሲጨቃጨቁ እኔ ፈንዲሻ እጠርግ ነበር። እጄ ይሠራል እንጂ ልቤ እዚያ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አእምሮዬ የተውኩትን ሁሉ እየለቀመ ያመጣልኛል። በጥር ወር፣ ዛሬ ጠዋት የቀዳሁት ነው ብለህ የላክልኝ የእናታችን ድምፅ አለ። ከኋላዋ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እናንተ ጋ በጥር እንዲህ ያለ ዝናብ መቼ ይዘንባል? ደግሜ ሳዳምጠው ሹራቡ ደረሰኝ ትላለች፤ ሹራቡን የላክሁት ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ነው። በቀደም ደግሞ ትንሿ ልጅህ ስልኩን አንስታ፣ እኔ እኮ አሁን በአያቴ አልጋ ነው የምተኛው አለችኝ። ስልኩን ተቀብለህ፣ ብርድ ስለነካት ወደ ውስጠኛው ክፍል አዛውረናታል አልከኝ። ባለቤትህን ስለ እናታችን ስጠይቃት ሳል ይቀድማታል። ከታኅሣሥ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር እናታችን ተኝታለች። ጠዋትም ተኝታለች፣ ከሰዓትም ተኝታለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ዓይኔን ጨፍኜ የቆየሁት ግን እኔው ራሴ ነኝ። አሥር ወር ሙሉ አምኜሃለሁ።

አድርገኸው ከሆነ ለምን እንዳደረግኸው አይጠፋኝም። አባታችን ያረፈ ዕለት በስልክ ነገርከኝ፤ ደረጃ ላይ ነበርኩ፤ ወድቄ እጄ ሁለት ቦታ ተሰበረ። አንድ ዘመድ አጠገቤ ሳይኖር ሆስፒታል ተኝቼ አለቀስኩ። ያኔ፣ ሁለተኛ ክፉ ወሬ በስልክ አልነግርሽም ብለህ ማልክ። መሐላህን ጠብቀህ ከሆነ አልቀየምህም። በልጅነቴ ስለዋሸኸኝማ ጉልበትህን ልሳም፤ ያ መጨረሻ ባይኖር ያን ሰሞን እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም ነበር። አሁን ግን አርባ አንድ ዓመቴ ነው። እማዬ ከሌለች፣ እሷ አፈር ለብሳ እኔ አሥር ወር ስስቅ፣ ፀጉሬን ስሠራ፣ ቀይ ቀሚስ ስለብስ ከርሜአለሁ ማለት ነው። አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይሄ ነው። ሰው እናቱን ሳያለቅስላት እንዴት ይከርማል?

ጥቁር ቀሚስ ገዝቻለሁ። አልለበስኩትም፤ ከነላስቲኩ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ሱቁ ያልተለበሰ ልብስ ይመልሳል፤ ደረሰኙን አልጣልኩም። እናታችን ካለች መልሼው ለእሷ ደመቅ ያለ ነገር እቀይርበታለሁ። ከሌለች ደግሞ ያረፈችበትን ቀን ብቻ ጻፍልኝ። እንዴት እንደሆነች፣ ምን እንዳለች፣ ማን አጠገቧ እንደነበረ ሌላ ጊዜ ትነግረኛለህ። ለማሳመር አትሞክር ወንድም ጋሼ፤ አንተ ስታሳምር እኔ አምንሃለሁ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ከእንግዲህ በሳል መደበቅ አይኖርባትም። ትንሿን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ፤ አልጋውን በመናገሯ አትቆጧት። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውን እንደምን አሉ በልልኝ፤ እሳቸውም ስደውል ስለ እናታችን ሳያነሱ መዝጋት ለምደዋል፤ አልፈርድባቸውም። ለእማዬ ደግሞ ሰላምታዬን አንተው ራስህ አድርስልኝ። ካለች ጆሮዋ ላይ ጠጋ ብለህ ንገራት። ከሌለች ሂድና ካስቀመጣችኋት ቦታ ቆመህ፣ ልጅሽ ዛሬ ሰማች በላት።

እህትህ

ከሲኒማ ቤቱ ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ጥቅምት 9 ቀን