ስለ እትዬ መጀመሪያ ዕረፍት እና እንዲዘጋ ስለተጠየቀው ማስተካከያቸው

ለማኅበሩ አባላት፣ ለዳታቤዙ ተጠቃሚዎችና ለሚመለከታቸው ሁሉ

የማኅበራችን የቢልድና የብልሽት ክትትል ክፍል ኃላፊ፣ በሁላችንም ዘንድ «እትዬ መጀመሪያ» እየተባሉ የሚጠሩት ባልደረባችን፣ ሕመማቸውን በሆስፒታልና በቤታቸው ሲታገሉ ከርመው ባለፈው ሳምንት አርፈዋል። ማኅበሩ ይህን ሲያስታውቅ ያዘነውን ያህል ተቆጥቷል። ሁለቱንም አንደብቅም።

የሐዘን መግለጫ በለዘበ ቃል እንደሚጻፍ እናውቃለን። የመጀመሪያው ረቂቃችንም እንደዚያ ነበር፤ «ታታሪ»፣ «ትሑት»፣ «ሥራ ወዳድ» የሚሉት ቃላት ሁሉ ገብተውበታል። ከቀብሩ ማግስት አንድ መልእክት ደረሰንና ረቂቁን ጣልነው። መልእክቱ ምን እንደሚል ከመናገራችን በፊት ግን እሳቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ማስረዳት ይኖርብናል።

ማኅበራችን የሚያዘጋጀው ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ዳታቤዝ ነው። ክሊኒኮች የታካሚ መረጃ፣ ትምህርት ቤቶች የተማሪ ውጤት፣ ሱቆች የዕቃ ዝርዝር ያኖሩበታል። ያሻው ሰው ኮዱን ያወርድና በራሱ ማሽን ላይ ቢልድ ያደርገዋል፤ ማለትም በሰው የተጻፈውን ኮድ ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም ይለውጠዋል። ይህ ሥራ አልሳካ ሲለው የሚጮኸው እሳቸው ላይ ነበር።

ቅጽል ስማቸው የወጣው ከዚሁ ሥራ ነው። ቢልድ የከሸፈበት ሰው ሁሉ የስክሪኑን የመጨረሻ መስመር ገልብጦ ይልካል። የመጨረሻው መስመር «ከሽፏል» ከማለት በቀር ምንም አይናገርም፤ ምክንያቱ ያለው ገጾች ወደ ላይ፣ መጀመሪያ በወጣው ስህተት ላይ ነው። እሳቸውም መልሳቸው አንድ ነበር፦ «መክሸፉንማ ነገርከኝ። መጀመሪያ የወጣው ኤረር የታለ?» ይህን ለጀማሪም፣ ለፕሮፌሰርም፣ ለማኅበሩ ሊቀመንበርም እኩል ይጽፉ ነበር። ሊቀመንበሩ ከአንድ ጊዜ በላይ ደርሷቸዋል።

በሁለተኛው ዕትም ጊዜ። ክፍሉን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በፊት የብልሽት ሪፖርት ሲመጣ አባላት «እኔ ጋ ይሠራል» ብለው ያልፉ ነበር። እትዬ መጀመሪያ ይህን አባባል በክፍላቸው ከለከሉ። «አንተ ጋ ከሠራ እንኳን ደስ ያለህ፤ እሷ ጋ ለምን እንዳልሠራ ነው የጠየቅኩህ» ብለው የመለሱለት ባልደረባ ዛሬ ይህን መግለጫ ከሚያዘጋጁት አንዱ ነው።

በሦስተኛው ዕትም ጊዜ። አንድ መሥሪያ ቤት ሊጥለው ያወጣውን አሮጌ ሰርቨር ለምነው ወስደው ቤታቸው አስገቡት። አዲስ ላፕቶፕ ላይ የማይታየው ብልሽት አሮጌ ማሽን ላይ ይታያል የሚል እምነት ነበራቸው፤ አልተሳሳቱም። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ሰርቨሩ የተቀመጠው በእሳቸው የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ሥር ነው። ማቀዝቀዣው ብናኝ ክር እየሳበ ስለሚታፈን፣ እትዬ መጀመሪያ ለስፌት መኪናው በተገዛው ብሩሽ ይጠርጉት ነበር። ባለቤታቸው ያንን የሚያጓራ ሣጥን «ደባሏ» እያሉ ይጠሩታል። «እኔና ደባሏ ከተጣላን የምወጣው እኔ ነኝ» ሲሉ ሰምተናቸዋል።

በአራተኛው ዕትም ጊዜ። ወደ አዲስ ዕትም መሸጋገሪያው ፕሮግራም አዲሱ መዝገብ በትክክል መከፈቱን ሳያረጋግጥ አሮጌውን ያጠፋ ነበር። ቅደም ተከተሉን ያስተካከሉት እሳቸው ናቸው። ይህን ሲያደርጉ ምስጋና የላከ ሰው አናስታውስም።

በአምስተኛው ዕትም ጊዜ። እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንናገራለን።

የአንድ ክሊኒክ መዝገብ ሠራተኛ እንዲህ ስትል ጻፈችላቸው፦ «እኅቴ፣ ሕፃኑን ክትባት ሰጥተን መዘገብኩት። ማሽኑ ተመዝግቧል አለኝ። እኔም እናትየዋን ተመዝግቧል አልኳት። ከዚያ መብራት ሄደ። እናትየዋ ለቀጣዩ ክትባት ስትመጣ ልጁ መዝገብ ላይ የለም። አስከትቤዋለሁ ትላለች፤ እኛ ደግሞ አላስከተብሽም አልናት። ሰው ፊት ውሸታም አደረግናት። እሷ አልዋሸችም። እኔም አልዋሸሁም። ታዲያ ማን ነው የዋሸው?»

በክፍሉ የነበሩ አባላት ነገሩን በመብራት መቋረጥ አሳብበው ሊዘጉት ፈለጉ። እትዬ መጀመሪያ ግን ዳታቤዝ «ተመዝግቧል» ካለ በኋላ መብራት ቢሄድም መዝገቡ መገኘት አለበት ብለው ሪፖርቱን ያዙት። ክሊኒኩ ማሽኑ አሮጌ ስለነበር ተዘጋጅቶ የሚወርደው ፕሮግራም አልሆነውም፤ ስለዚህ ኮዱን ራሱ ቢልድ አድርጎ ነበር። እሳቸውም በደባሏ ላይ እንደዚያው አደረጉ። ቢልዱ አለቀ፣ ከቢልዱ በኋላ ዳታቤዙን የሚፈትሹት ፈተናዎች ሁሉ «አልፏል» አሉ። መዝገብ አስገብተው ሶኬቱን ነቀሉ፣ መልሰው ሰኩ። መዝገቡ የለም።

ያገኙት ጥፋት ይህ ነው። ቢልዱ ሲጀመር አንድ አጣሪ ፕሮግራም ማሽኑን «የጻፍከው መብራት ሲሄድ የማይጠፋበት ዲስክ ላይ መድረሱን አረጋግጠህ ብቻ መቀጠል ትችላለህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚጠይቀው ትንሽ መሞከሪያ ኮድ ቢልድ በማድረግ ነው። በዚያ መሞከሪያ ኮድ አናት ላይ አንድ መስመር ተረስቷል። የድሮዎቹ ኮምፓይለሮች፣ ማለትም ኮድ ለዋጮቹ፣ ያንን ግድፈት አይተው ያልፉት ነበር። ክሊኒኩም እሳቸውም የተጠቀሙበት አዲሱ ግን አላልፍም አለ። መሞከሪያው በራሱ ስህተት ሲወድቅ፣ አጣሪው ማሽኑ እንደማይችል ቆጠረና ያለዚያ ችሎታ ቀጠለ። ጭራሽ የመብራት መቋረጡን የሚመለከተው ፈተና ችሎታው በሌለበት ስለሚዘለል፣ የተዘለለው ካለፉት ጋር ተቆጠረ። ለክሊኒኩ «ተመዝግቧል» ያለው ዳታቤዝ ዲስክ ላይ ገና ምንም አልጻፈም ነበር።

የተረሳችውን መስመር መጨመር ቀላል ነበር፤ ያን ዕለት ጨመሯት። ማስተካከያ ብለው ያቀረቡት ግን ከዚያ ያለፈ ነው። አጣሪው «ይችላል» ወይም «አይችልም» የሚል መልስ በትክክል ካላገኘ፣ ቢልዱ እንዲቆም ጠየቁ። ሲቆም የሚያሳየውን ጽሑፍም ራሳቸው ጻፉት፦ «መልሱን አላወቅሁም። ሳላውቅ አልቀጥልም። መጀመሪያ የወጣው ኤረር ከዚህ በታች አለ።»

ይህን የተቃወመው ከተጠቃሚዎቻችን ሁሉ ትልቁ የሆነው ድርጅት ነው። የቢልድ ማሽኖቹ ብዙ ናቸው፤ ማስተካከያው ከገባ ብዙዎቹ ይቆማሉ፣ እያንዳንዳቸውን ማየት ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ቢልዱ ይቀጥል አለ። እትዬ መጀመሪያ፣ «ማስጠንቀቂያውን ማን ሊያነበው? እናንተ የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ነው የምታነቡት» ብለው መለሱ። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ በየጊዜው አዲስ አስተያየት ይጽፍ ጀመር። መልስ አግኝቶ ያደረውን ጥያቄ በሌላ ቃል አዙሮ ያመጣል። እሳቸው ይመልሳሉ። ሌላ ያመጣል። ነገሩ በዚህ ሁኔታ ሲንከባለል እሳቸው ታመሙ።

አባላት ሊያውቁት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። በሕመማቸው ወራት በአድራሻቸው የተላከላቸውን መልእክት ልጃቸው አሳይታናለች። አብዛኛው ስድብ ነው። ስማቸውን እንኳ በትክክል ሊጽፉ ያልቻሉ ሰዎች፣ እናታቸው ሊሆኑ የሚችሉትን ሴት «ምን ስትሠሪ ነው የምትውዪው?» ብለዋቸዋል። አንዱ፣ «መልስ የለም እንዴ? እዚህ የሚሠራው ሰው ሞቷል?» ብሎ ጻፈ። ከሆስፒታል አልጋቸው ሆነው፣ «አልሞትኩም። መጀመሪያ የወጣውን ኤረር ላክልኝ» ብለው መለሱለት። ሰውየው የመጨረሻዋን መስመር ላከላቸው።

አሁን ወደ መልእክቱ እንመለስ። ከቀብሩ ማግስት ትልቁ ድርጅት ለማኅበሩ ጻፈ፤ ግልባጩን ለቤተሰቡ አደረገ። የመጀመሪያው አንቀጽ ጥልቅ ሐዘኑን ይገልጻል። ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ «በተያያዘም፣ አቅራቢዋ በሕይወት ባለመኖራቸው ለቀረቡት አስተያየቶች ምላሽ ሊሰጡ ስለማይችሉ፣ ማስተካከያው በደንቡ መሠረት እንዲዘጋልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

እርግጥ ነው፣ አቅራቢው መልስ ሳይሰጥበት የቆየ ማስተካከያ ይዘጋል የሚል ደንብ አለን። ደንቡ የወጣው አቅርበው ለሚጠፉ ሰዎች ነው። መልስ ያጣው አስተያየት ደግሞ ድርጅቱ ራሱ የጻፈው ነው፤ እሳቸው ከመታመማቸው በፊት አሟልተው የመለሱትን ጥያቄ ነው መልሶ የጠየቀው። ልጃቸው መልእክቱን ካነበበች በኋላ ደወለችልን። «ይሄ ሐዘን ነው ማመልከቻ?» አለች። አፈርን።

ስለዚህ በግልጽ እንናገራለን። አንድ ሰው በሞተ ማግስት አፉ ተዘግቷልና ክርክሩን አሸንፌያለሁ ማለት ነውር ነው። በዚያ ላይ «በአክብሮት» የሚል ቃል መጨመር ነውሩን ያባብሰዋል። ድርጅቱ የራሱ ቢልድ እንዳይቆምበት ሲል የሌላ ሰው ልጅ መዝገብ ቢጠፋ ግድ የለኝም ማለቱ ነው። ባለሙያ ሞልቶታል፤ ማሽኖቹን የሚያይለት ሰው አያጣም። ያጣው ፍላጎት ነው። ውሳኔ ልንሰጥ መሆኑን ሲሰማም ተወካዩ ስልክ ደውለው፣ «ጊዜው የሐዘን ስለሆነ ውሳኔው ለትንሽ ጊዜ ቢቆይ አይሻልም?» አሉን። አይሻልም አልናቸው።

የማኅበሩ ሥራ አመራር ማስተካከያውን ያለ አንዳች ለውጥ ተቀብሎታል። በስድስተኛው ዕትም ውስጥ ገብቷል።

ከመግባቱ በፊት በእሳቸው ማሽን ላይ መፈተን ስለነበረበት፣ ለቅሶ ልንደርስ የሄድን አባላት በይቅርታ ጠየቅን። ባለቤታቸው ከጠረጴዛው ላይ ያልተጠናቀቀ ኮትና መቀሳቸውን አነሡ። ልጃቸው ኪቦርዱን ያዘች። መሞከሪያውን ኮድ ሆን ብለን አበላሽተን ቢልድ አደረግነው፤ ቆመ፣ የእናቷም ቃል ስክሪኑ ላይ ወጣ። ልጅቷ እያነበበች አለቀሰች፤ እኛም አለቀስን። መሞከሪያውን መልሰን አስተካክለን እንደገና ቢልድ አደረግን። መዝገብ አስገባች፣ «ተመዝግቧል» አለ። ሶኬቱን የነቀሉት ባለቤታቸው ናቸው። የደባሏ ማጓራት ቆመ፤ መልሰው ሰኩት። መዝገቡ ቦታው ላይ ነበር።

ሥራው አልቋልና ከእንግዲህ ማሽኑን አጥፍተው ማረፍ እንደሚችሉ ነገርናቸው። ባለቤታቸውም፣ «አንዴ ስለሠራ ነው? እሷ ብትሆን ድገሙት ነበር የምትላችሁ» አሉ። ተቀምጠን ደገምነው።

ማኅበሩ ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸው፣ ለእኅት ወንድሞቻቸውና ለክፍሉ ባልደረቦች ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው ይላል። ይህን የምንለው ከቃል በቀር ምንም ልንሰጣችሁ እንደማንችል እያወቅን ነው። ለክሊኒኩ መዝገብ ሠራተኛም «ማን ነው የዋሸው?» ላለችው መልስ አለን፤ የዋሸው የእኛ ዳታቤዝ ነው። እናትየዋን የምታገኛት ከሆነ ይህንኑ በእኛ ስም እንድትነግራት እንለምናታለን።

ስድስተኛው ዕትም ሲወጣ ብዙዎቻችሁ ቢልዳችሁ ይቆማል። ትቆጣላችሁ፤ ተቆጡ። በእትዬ መጀመሪያ አድራሻ ግን አትጻፉ፤ እዚያ የሚደርሰውን የምታነበው ልጃቸው ናት። ለማኅበሩ ጻፉ። ስትጽፉም የመጨረሻዋን መስመር ተዉና መጀመሪያ የወጣውን ኤረር ላኩ።

የማኅበሩ ሥራ አመራርና የቢልድና የብልሽት ክትትል ክፍል ባልደረቦች