ከመጋረጃው ጀርባ ስለቀረችው መስመር ለአቶ ባንተአምላክ የተጻፈ

ለተከበሩ አቶ ባንተአምላክ፣
የሰፈራችን ማኅበረሰብ ቲያትር ሊቀ መንበር፣ አዘጋጅ፣ ተዋናይ መራጭና የሥዕል ዐውደ ርእይ ኃላፊ፣
ደብረ ታቦር

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎን እንደምን ሰነበቱ፣ ጤናዎ እንዴት ነው እያልሁ፣ በአዲሱ የትርኢት ወቅታችን የባለጸጋውን ሚስት ሆነው ለሚጫወቱት ለባለቤትዎ ለወይዘሮ ጥሩወርቅ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። ባለጸጋውን ሆነው ለሚጫወቱት ለወይዘሮ ጥሩወርቅ ወንድም ለአቶ ገሰሰም እንዲሁ፤ በመድረክ ላይ ከሚስታቸው አምስት ክንድ ርቀው የሚቆሙት ሚስትየዋ የገዛ እኅታቸው ስለሆኑ ነውና አልፈርድባቸውም። የባለጸጋውን ልጅ ለምትጫወተውና የዐውደ ርእዩን ሥዕሎች በሙሉ ለሣለችው ለልጅዎ ለስርጉት፣ ጎረቤቱን ለሚጫወተው ለእኅትዎ ልጅ ለማስተዋልም ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ስሙን ያልጠራሁት ዘመድ ካለ ገና ሚና ስላልተሰጠው ብቻ መሆኑን እንዲረዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ የሺዋስ አያሌው፣ ከቋራ መጥቼ በእንጨት ሥራ የምተዳደር፣ እስከ አራተኛ ክፍል የተማርሁ፣ መድረኩንም በገዛ መዶሻዬ የሠራሁ፣ ተዋናዮች ቃላቸው ሲጠፋባቸው ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ በሹክሹክታ የማስታውስ ሰው ነኝ። ንባቤ ቀርፋፋ ስለሆነ ተውኔቱን ከነሐሴ ጀምሮ በቃሌ መያዝ ግድ ሆነብኝ። ሌሎቹ ፈጥነው ስለሚያነቡ መያዝ አላስፈለጋቸውም። ስለሚከተሉት ጉዳዮችም ምስጋናዬን ለመግለጽ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

አንደኛ፣ በአዳራሹ መግቢያ ስለተሰቀሉት ዐሥራ አንድ ሥዕሎች አመሰግናለሁ። ዘጠኙ እርስዎን የሚያሳዩ ሲሆኑ፣ ዐሥረኛው የጣራ ገዳም ደን ነው፤ በደኑ መካከልም እርስዎ ቆመው ይታያሉ። ዐሥራ አንደኛው ገና ስላላለቀ ማን እንደሚሆን በጉጉት እየጠበቅን ነው።

ሁለተኛ፣ ባለፈው እሑድ ሕዝብ በተገኘበት ልምምድ ላይ ስለደረሰው ነገር ነው። አቶ ገሰሰ የሰሙትን ሁሉ የሚደግሙ ታማኝ ሰው በመሆናቸው፣ እኔ «ወደ ግራ ይሂዱ» ብዬ ባስታውሳቸው፣ ወደ ሚስታቸው ዞረው በታላቅ ድምፅ «ወደ ግራ ይሂዱ» አሏቸው። ወይዘሮ ጥሩወርቅም እንደ ታዘዙት ወደ ግራ ሄደው በበሩ ወጡ፤ የጠራቸው ስላልነበረም ገቢሩ እስኪያልቅ ውጭ ቆዩ። ቀጥሎ የመጋረጃው አቧራ ጉሮሮዬ ገብቶ ሦስት ጊዜ ብስል፣ አቶ ገሰሰም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሦስት ጊዜ ሳሉ። ከኋላ የተቀመጡ መምህራን የባለጸጋው ሕመም እንዲህ ጠልቆ ተሰምቷቸው እንደማያውቅ ተናገሩ። እርስዎም ይህ ሳል በተውኔቱ ውስጥ እንዲጸናና እኔም በየትርኢቱ እንድስል መመሪያ ሰጡ። በጥበብ ሕይወቴ ለተሰጠኝ ለዚህ የመጀመሪያ ሚና ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሦስተኛው ግን እንደ ሁለቱ አያስቀኝም። ነሐሴ ላይ መድረኩን ጨርሼ ላቤን ስጠርግ፣ እርስዎ በሁሉም ፊት «የሺዋስ፣ አንተም አንዲት መስመር አለችህ» አሉኝ። በመጨረሻው ትዕይንት አሽከሩ ገብቶ «ጌታዬ፣ ጎተራው ባዶ ነው» የሚላት ናት። በዚያው ቀን ለእናቴ ለወይዘሮ ደሳለች ደወልሁላት። ሦስት ዓመት አልተያየንም። እሷም ለአገሩ ሁሉ ተናግራ፣ ጎንደር አድራ በይፋግ በኩል ለእሑዱ መክፈቻ ልትመጣ ተዘጋጅታለች። በስልክ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በየት በኩል ነው የምትወጣ? በዚያ በኩል ልቀመጥ።» በቀኝ በኩል ነው አልኋት።

መስመሪቱ ግን ባለፈው ሳምንት ለማስተዋል ተሰጠች። በሁለተኛው ገቢር እህል ለምኖ የተከለከለው ጎረቤት በሦስተኛው ባርኔጣ ቀይሮ አሽከር ሆኖ ገብቶ ጎተራው ባዶ መሆኑን ያበሥራል። በልምምዱ ዕለት ከፊት የተቀመጡት እናቶች «ታዲያ ያው እሱ ወስዶት ነዋ» ተባባሉ። ሌባው ማን ነው የሚለውን የተውኔቱን ጥያቄ ሳይደክሙ እንዲፈቱ ስላደረጉልን እናመሰግናለን።

እኔ አቤት ብል «አንተ ከወጣህ ማን ያስታውሳል?» አሉኝ። እውነትዎን ነው። ይሁንና አሽከሩ በሚገባበት ጊዜ የሚናገር ሌላ ሰው የለም፤ አቶ ገሰሰ ጭንቅላታቸውን ይዘው ዝም ብለው ይቆማሉ፤ ዝምታውን ደግሞ ያለ እኔ እርዳታ በደንብ ይዘውታል። መስመሪቱም አራት ቃል ናት። ከዚያ ወዲህ ግን ሐሳብ ይዞኝ ምስማር በመታሁ ቁጥር ጣቴን ነው የማገኘው።

ይህን ደብዳቤ በአዳራሹ በር ላይ የለጠፍሁት ሰው ሁሉ እንዲያነበው ነው፤ መልስዎ ግን ለእኔ ብቻ ቢደርስ ይበቃኛል። እናቴ ዓርብ ጠዋት መኪና ትሳፈራለች። ስለዚህ «ትወጣለህ» ወይም «አትወጣም» የሚለውን ቁርጥ መልስ እስከ ሐሙስ እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ።

የቤተሰብዎ ጥበብ ከመድረኩ ስፋት እንዳይበልጥ እየተመኘሁ፣ በአክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤
የሺዋስ አያሌው
ከመጋረጃው ጀርባ፣ በስተቀኝ

ማስታወሻ፦ መልስዎ «አትወጣም» ቢሆን ቅር አይለኝም። እሑድ ከእናቴ ጎን በቀኝ በኩል ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ትርኢቱን እንደ ማንኛውም ተመልካች በፍጹም ጸጥታ እከታተላለሁ። ለአቶ ገሰሰ ከወዲሁ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ፤ ሳል ቢመጣብኝ እንኳ እንደ ምንም ብዬ እውጠዋለሁ።