ጉም የሸፈነው ድንበር

ይድረስ ለወንድሜ ለታፈረ። እንደ አሰብ ሙቀት የበዛ፣ እንደ አገራችን ጉም የለሰለሰ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወበቁን ለመድከው ወይ? ባለቤትህ ገለቴ ደኅና ናት? ልጆቹስ ባሕሩን አይፈሩም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ጤና ነን፤ ካንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። ጽሕፈቴን አይተህ አትሳቅ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ ለሰው ስጽፍ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።

የምጽፍልህ ማማው ላይ ተቀምጬ ነው። ገብሱ ደርሷል፤ መድረሱን ዝንጀሮውም ያውቃል። ጉሙ ከኩልመስክ በኩል ቀስ ብሎ ይመጣና መጀመሪያ ዛፉን፣ ቀጥሎ ቤቱን፣ በመጨረሻ የራሴን እግር ይወስድብኛል። ያን ጊዜ ነቅቼ ይሁን አንቀላፍቼ እኔም አላውቀው፤ የሞቱትም ያሉትም አብረው በማሳው ሲሄዱ ይታየኛል። ዛሬ አረጋን አየሁት።

አረጋን መቼም አትረሳውም፤ መሬታችንን የእኩል ያርስ የነበረው የይማርሽ ባል። አንተ ከደሴ ትምህርት ቤት መጥተህ መሬት ላራሹ ስትል ሁላችንም ሳቅንብህ። እኔማ ልጁን ምን ነካው ብዬ ጠበል ልወስድህ ቃጥቶኝ ነበር። በክፉው ዘመን፣ በስድሳ አምስት፣ ከድርቁ የተረፈችውን ገብሳችንን አረጋ ከዚሁ ማማ ላይ ሲጠብቅ የራሱ ድንጋያማ ማሳ ውስጥ ዝንጀሮ ገባ። ምሳ ላደርስለት መጥቼ አየሁት። ማሳውን ያያል፣ ግን አይወርድም፤ አባባ ንቅንቅ እንዳትል ብለውታል። ኋላም እህል ፍለጋ ወደ ወልድያ ወርዶ በዚያው ቀረ። ስለ መሬት ያለኝ ሐሳብ ግን ያኔም አልተለወጠም። የመሬት አዋጁ የወጣ ጊዜ ከአባባ ጋር አብሬ ያለቀስኩ ነኝ። ማሳችን በገመድ ሲለካ ሆዴን የሚለኩት መሰለኝ።

የለወጠኝ ካድሬ አይደለም፤ ስብሰባ ላይማ አንቀላፋለሁ። ካቻምና እንዲህ ጉም በወረደበት ቀን ዝንጀሮ ሲጮህ ሰማሁ። ድንበሩ አይታይም። ወርጄ በወንጭፍም በጩኸትም ድምፄ እስኪዘጋ አባረርኩ። ጉሙ ሲገለጥ ለካ የቆምኩት በይማርሽ ድንጋያማ ማሳ መሐል ነው፤ የእኛው ተግጧል። አባባ «ለማን ገብስ ነው ጉሮሮሽን የጨረስሽው?» ብለው ተቆጡ። እኔ ግን ወንድምዓለም፣ ቁጭት ብፈልግ አጣሁ። ይማርሽ ጭቃ በእጇ እንደያዘች ከሸክላ ሥራዋ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጉም በሌለበትም ቀን ድንበሩ ለዓይኔ እየደበዘዘ ሄደ።

አሁን ወደ ላክህብን ነገር ልምጣ። የምንጩን ሥር ማሳ እስክትመለስ በአባባ ስም አስይዙልኝ ብለሃል። ሰሞኑን የመሬት ሽግሽግ ስብሰባ ነበር። ይማርሽን ሸክላ ሠሪ ናት ብለው ሊዘሏት ሲሉ ተነሥቼ የምንጩ ሥር ለእሷ ይሁን አልኩ። እጄን አወጣሁ፤ ሌሎችም አንድ ባንድ አወጡ፤ ጸደቀ። እንደምታዝንብኝ አውቃለሁ። ከመጣህ ግን እንደማንኛችንም ድርሻህን ታገኛለህ፤ በሬ ከእኔ ነው።

አባባ ከዚያ ቀን ወዲህ አኩርፈውኝ ሰነበቱ። ዛሬ ጠዋት «ይህን ነገር ከማን ተማርሽው?» አሉኝ። «ከልጅዎ ከታፈረ» አልኳቸው።

ገለቴን እቅፍ አድርገህ ሰላም በልልኝ፤ ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። እምዬ ዓይንህን ሳታይ እንዳትሞት ትጸልያለች። ይማርሽም በአረጋ ስም እጅ ነሥታሃለች። አባባ ሰላምታቸውን የላኩልህ ከጥያቄ ጋር ነው፤ «የሚመጣው ያኔ የሳቅንበት ልጅ ነው ወይስ ማሳ የጠየቀው?» ይላሉ። እኔም አላውቅም፤ የናፈቀኝ ግን የሳቅንበት ነው።

እህትህ ወለተ ሐና
ሙጃ፣ ላስታ አውራጃ
ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.